የመኪና ሞላ ሲያጥር፦ የሦስት ሴንቲ ሜትር ፊዚክስ

ፈጣን መኪና የያዘ ወጣት በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ከሞተሩ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሞተሩ አስቀድሞ፣ ሊለውጠው የሚመኘው የመኪናውን ቁመት ነው። ለዚህ የሚሸጥለት ዕቃ ከአራት የብረት ሞላዎች አይዘልም። ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ የተነገረው ተስፋ ግን ብዙ ነው፤ መኪናው በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፣ መታጠፊያ ላይ አይጋደልም፣ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፣ መልኩም ያምራል። የመጨረሻውን ተስፋ ለባለቤቱ ዓይን እንተወዋለን። የቀሩት ሦስቱ ግን ፊዚክስ ሊመረምራቸው የሚችሉ አባባሎች ናቸው። አንዱ እውነት፣ አንዱ ግማሽ እውነት፣ አንዱ ደግሞ በአስፈላጊው ሰዓት ሐሰት ሊሆን የሚችል መሆኑን ቀጥለን እናያለን።

ለውይይታችን የሚያመች አንድ የታወቀ መኪና እንምረጥ። የጀርመኑ ቮልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛ የምንመለከተው በ2004 ዓ.ም. የወጣውን አምስተኛውን ትውልድ ነው። ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ፋብሪካው ራሱ ይህን መኪና ከተራው ጎልፍ በ15 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው፤ ለብዙዎቹ ባለቤቶች ግን ይህ አልበቃቸውም። ዝቅ የሚያደርጉትን ሞላዎች ከሚሠሩት ኩባንያዎች በስም የሚታወቁት አይባኽ እና ኤችኤንድአር ሁለቱም የሚገኙት በምዕራብ ጀርመን፣ በኦልፐ ወረዳ ውስጥ ባሉት ፊነንትሮፕ እና ሌነሽታት በተባሉ ከተሞች ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» የምንለው በኒውተን የሚለካውን፣ «ኢነርጂ» የምንለው ደግሞ በጁል የሚለካውን ነው። ከላይ የጠቀስነው «የፈረስ ጉልበት» በዚህ ትርጉም ጉልበት አለመሆኑን የፊዚክስ ተማሪዎች ሳያስተውሉት እንደማይቀሩ እንገምታለን።

የጠነከረ ሞላ መኪናውን ከፍ ያደርጋል

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የሞላን ሕግ በመጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1676 ዓ.ም. ፊደሎቹን አተራምሶ፣ በእንቆቅልሽ መልክ ነበር፤ ግኝቱን ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈርቶ። ፍቺውን የገለጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሞላ በታመቀ ቁጥር የሚመልሰው ጉልበት ከታመቀበት ርዝመት ጋር በእኩል መጠን ያድጋል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ቁጥር የሞላው ግትርነት እንለዋለን።

አሁን ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ፣ ከእንደዚህ ዓይነቱ መኪና ግን ብዙ የማይርቁ ቁጥሮችን እንውሰድ። በአንዱ የፊት ሞላ ላይ 360 ኪሎ ግራም ተቀምጧል እንበል። የሞላው ግትርነት በአንድ ሚሊ ሜትር 22 ኒውተን ቢሆን፣ ሞላው ቆሞ ባለ መኪና ሥር በ160 ሚሊ ሜትር ታምቋል ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ብቻ መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ማወቅ ይቻላል፤ ልክ በ160 ሚሊ ሜትር ክር ላይ እንደተንጠለጠለ ፔንዱለም በሰከንድ 1.24 ጊዜ ነው። የመኪናውን ክብደትም ሆነ የሞላውን ግትርነት ለየብቻ ማወቅ አያስፈልግም። ይህ እኩልነት እኛን ዛሬም ያስደንቀናል። አንባቢ በክርና በድንጋይ ሊሞክረው ይችላል።

ባለቤቱ የገዛው አዲሱ ሞላ ከአሮጌው በ30 በመቶ የጠነከረ ነው እንበል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር 28.6 ኒውተን። ያንኑ ክብደት ሲሸከም የሚታመቀው በ123 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሞላ ከአሮጌው ጋር እኩል ርዝመት ቢኖረው ኖሮ መኪናው ዝቅ በማለት ፈንታ በ37 ሚሊ ሜትር ከፍ ይል ነበር! መኪናውን በ30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ሞላው ያለ ጭነት ሲለካ ከአሮጌው በ67 ሚሊ ሜትር ማጠር ይኖርበታል። ካርቶኑን የከፈተ ሰው ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቁሞ «ይህ እኮ በጣም አጭር ነው፤ ተሳስተው ነው የላኩልኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ከዚህ እጥረት አንድ ችግር ይወለዳል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ወይም ጉብታ ላይ ሲዘል፣ አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። የተላቀቀ ሞላ ሲመለስ በትክክል ይቀመጥ ይሆን ብሎ መጠየቅ ማንም አሽከርካሪ በመታጠፊያ መካከል የሚሻው ጥያቄ አይደለም። ስለዚህም ብዙዎቹ አምራቾች ከሞላው ጫፍ ጥቂት ዙሮችን አቀራርበው ይጠቀልሏቸዋል። እነዚህ ዙሮች መኪናው ሲቆምባቸው ተጣብቀው ይዘጋሉ፤ ጎማው ሲንጠለጠል ግን ተከፍተው ሞላውን በቦታው ይይዙታል።

ግትርነቱ ከየት ይመጣል? ከሽቦው ውፍረት፣ ከጥቅልሉ ስፋትና ከዙሮቹ ብዛት ነው። ዙሮቹ ሲበዙ ሞላው ይለሰልሳል። ጥቅልሉ ሲሰፋ በሦስተኛ ኃይል ይለሰልሳል። ሽቦው ሲወፍር ግን በአራተኛ ኃይል ይጠነክራል፤ 12 ሚሊ ሜትር የነበረውን ሽቦ 13 ማድረግ ብቻ ግትርነቱን በ38 በመቶ ያሳድገዋል። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው። አዲስ ሞላ መግዛቱን ትቶ አሮጌውን በመጋዝ የሚያሳጥር ሰው ዙሮቹን ስለሚቀንስ በእርግጥ ሞላውን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ለጫፉ የተዘጋጀው መቀመጫ አይገጥመውም፣ ሲንጠለጠልም ይላቀቃል። በጋዝ እሳት የሚቆርጠው ደግሞ የብረቱን ሙቀት ሕክምና በዚያው ቅጽበት ያበላሸዋል። ይህን ሥራ በየትኛውም አገር ቢሠራ እንቃወመዋለን።

የሚገኘው ጥቅም ስንት ነው?

መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ከውስጠኛው ወደ ውጭኛው ጎማ ይሸጋገራል። የሽግግሩ መጠን የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው፤ በመኪናው ክብደት፣ በመታጠፊያው ብርታት፣ በስበት ማዕከሉ ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት። በዝርዝሩ ውስጥ ሞላ የለም። ይህን ደጋግመን ማለት እንወዳለን፤ ብዙ ሰው ጠንካራ ሞላ ሽግግሩን የሚያስቀረው ይመስለዋልና። ሞላው የሚለውጠው መኪናው የሚጋደልበትን ማዕዘንና ሽግግሩ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የሚከፋፈልበትን ድርሻ ነው። ጠቅላላ ድምሩን አይነካም።

ነጂውን ጨምሮ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 54 ሴንቲ ሜትር፣ በጎማዎቹ መካከል 1.53 ሜትር ያለው፣ ከመሬት ስበት ዘጠኝ አሥረኛ በሆነ ሽምጠት ቢታጠፍ፣ 4,360 ኒውተን ያህል ከውስጥ ወደ ውጭ ይሸጋገራል። የስበት ማዕከሉ ወደ 51 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ሽግግሩ 4,120 ኒውተን ይሆናል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከ6 በመቶ ያንሳል። ጎማዎቹን በተሻለ ጎማ የለወጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ልዩነት እንደሚያገኝ እንገምታለን።

ከዚህች ጥቅም ላይም መልሶ የሚወስድ ነገር አለ። የጎልፉ የፊት እግር ማክፈርሰን ስትራት በሚባለው ዘዴ የተሠራ ነው። ዘዴው የተሰየመው በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም ሲሆን፣ አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው፣ ከታች አንድ ክንድ (የእኛ መካኒኮች ብራቾ የሚሉት) ጎማውን ይይዘዋል። ርካሽ፣ ቀላልና ቦታ ቆጣቢ ነው። መኪናው ሲጋደል የሚዞርበት አንድ ምናባዊ ነጥብ አለ፤ ቦታውም በዚህ ክንድ ተዳፋትነት ይወሰናል። አካሉ በ30 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የክንዱ የውስጥ ጫፍ አብሮ ይወርዳል፣ የጎማው ጫፍ ግን ባለበት ይቆያል። ክንዱ ወደ ላይ ማጋደል ሲጀምር ምናባዊው ነጥብ ከመኪናው አካል በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል።

ቁጥር እንስጠው። ነጥቡ መጀመሪያ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ከስበት ማዕከሉ የሚለየው 44 ሴንቲ ሜትር ነው። መኪናው በ3 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ነጥቡ በ7 ቢወርድ፣ ርቀቱ 48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት የሚሠራበት ዘንግ ረዘመ ማለት ነው፤ በ9 በመቶ። ለቀላልነት የኋላውንም እንደ ፊቱ እንቁጠረው። በሌላ በኩል ሞላዎቹ በ30 በመቶ ጠንክረዋል፤ መጋደልን ከሚከላከለው ኃይል ግን ግማሹ የሚመጣው ካልተለወጠው ከስታቢላይዘር ብረት ነው ብንል፣ ጠቅላላው መከላከያ ያደገው በ15 በመቶ ብቻ ነው። 15ቱ ሲጨመር፣ 9ኙ ሲበላ፣ በፊት 3 ዲግሪ ይጋደል የነበረው መኪና አሁን 2.85 ዲግሪ ይጋደላል። «አይጋደልም» የተባለው ይህ ነው።

የቀረው መንገድ

እስካሁን ያየነው የጥቅሙን ማነስ ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ማንኛውም ሞላ ከታች የሚጠብቀው የላስቲክ መገደቢያ አለ። ጎማው ጉብታ ሲመታ፣ ሞላው መገደቢያው እስኪነካ ድረስ የሚጓዘው ርቀት የተወሰነ ነው። በእኛ ጎልፍ ይህ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። መኪናው በ30 ሲወርድ የቀረው 45 ነው።

ሞላ ከማረፊያው ወርዶ የሚውጠው ኢነርጂ የግትርነቱ ግማሽ በርቀቱ ካሬ ተባዝቶ ነው። ካሬ የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልን። በፋብሪካው ሞላ መኪናው መገደቢያውን ከመንካቱ በፊት 62 ጁል ይውጣል። በአዲሱ ሞላ፣ በ30 በመቶ ጠንክሮ እንኳ፣ የሚውጠው 29 ጁል ነው፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሞላው እንደ ቀድሞው 62 ጁል እንዲውጥ ከተፈለገ ግትርነቱ በ30 በመቶ ሳይሆን ወደ 2.8 እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ያን ጊዜ መኪናው በሰከንድ ከ2 ጊዜ በላይ ይወዛወዛል፤ ለእሽቅድምድም ሜዳ ይሆን እንደሆነ እንጂ በየቀኑ ሥራ ለሚሄድ ሰው ወገብ አይሆንም። አምራቾቹ 30 በመቶን የመረጡት ስሌቱ ስለጠፋቸው አይደለም፤ ደንበኛው የሚታገሠውን ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ሁለቱን ስሌቶች እናገናኛቸው። መኪናው 3 ዲግሪ ሲጋደል የውጭኛው ጎማ ሞላ በ40 ሚሊ ሜትር ይታመቃል። በቀድሞው መኪና ከ75 ላይ 35 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል። ዝቅ ባለው መኪና 2.85 ዲግሪ ሲጋደል 38 ሚሊ ሜትር ይታመቃል፤ ከ45 ላይ የሚተርፈው 7 ነው። የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። በዚያ መታጠፊያ መካከል አስፋልቱ ላይ አንዲት እብጠት ብትኖር መገደቢያው ይነካል። መገደቢያው ሲነካ ግትርነቱ በቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ በዚያ ጎማ ላይ ያለው ጭነት ሽቅብ ይወጣል፣ ወዲያው አካሉ ሲነጥር ይወርዳል። ጭነቱ የወረደበት ጎማ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ከፊት ከሆነ መኪናው መሪውን አልሰማ ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ከኋላ ከሆነ ጅራቱ ይወጣል። «መንገዱን አጥብቆ ይይዛል» የተባለው ተስፋ የሚፈርሰው እንግዲህ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ለስላሳ በሆነ የእሽቅድምድም ሜዳ ያው መኪና ግሩም ሊሆን ይችላል፤ አስፋልቱ በተሰነጣጠቀ የገጠር መንገድ ላይ ግን ፋብሪካው ከሠራው ያነሰ ነው።

በአገራችን የሚዘወተረው የዚህ ተቃራኒ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ትንንሽ መኪኖችን በሞላው ላይ ስፔሰር እየጨመሩ ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ስሌቱ ያው ነው፤ ምልክቱ ብቻ ይገለበጣል። የስበት ማዕከሉ ይወጣል፣ ሽግግሩ ይጨምራል፣ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀትም ያጥራል።

አሞርዛተሩን በአጭሩ እንለፈው። ሞላ ኢነርጂን ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው አሞርዛተሩ ነው። ለቀድሞው ሞላ የተመጠነው አሞርዛተር አንድ ውዝዋዜ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ስፋት ወደ 14 በመቶ ያወርደው ከነበረ፣ በ30 በመቶ በጠነከረው ሞላ ሥር 18 በመቶ ይቀራል። ይህ ይታገሡታል። በ2.8 እጥፍ በጠነከረው ሥር ግን 32 በመቶ ይቀራልና መኪናው መፈንጠዙን አይተውም። ስለዚህ በጣም ጠንካራ ሞላ የሚያስገባ ሰው አሞርዛተሩንም ካልለወጠ ገንዘቡን ለመንገጫገጭ ከፈለ ማለት ነው።

ስለ መግጠሙ

ሥራው በራሱ ረቂቅ አይደለም። አደገኛ ግን ነው። ከፊት እግር ላይ አሞርዛተሩ ከነሞላው ይወጣል፤ ሞላው በማጥበቂያ መሣሪያ ከሁለት ወገን ተይዞ ይታመቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የላይኛው ዳዶ ይፈታል። በመሣሪያው ተይዞ በ100 ሚሊ ሜትር የታመቀ የጎልፉ ሞላ 2,200 ኒውተን ይገፋል፤ የሦስት ጎልማሶች ክብደት ያህል። በውስጡ ያለው ኢነርጂ 110 ጁል ነው። መሣሪያው ቢያመልጥ ይህ ሁሉ ወደ ሞላውና ወደ ላይኛው መቀመጫ ይሄዳል፤ ሁለቱ 3 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወረወራሉ። በሥራው ጊዜ ፊታችን ያለው የት ነው ብሎ ማሰብ እንግዲህ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በቋሚ ድጋፍ ላይ መቀመጥ እንዳለበት መናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ቢሆንም ተናግረናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የክንዶቹ መገጣጠሚያ በላስቲክ ጎሚኖች የተሠራ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ላስቲኩ በዚያ ማዕዘን ላይ ይታሰራል። ጎማው እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን አጥብቆ መኪናውን የሚያወርድ ሰው ላስቲኩን ለዘለዓለም ጠምዝዞ ይተወዋል፤ ላስቲኩም ቀድሞ ይቀደዳል፣ መኪናውም የታሰበለትን ያህል አይወርድም። ቡሎኖቹ መጨረሻ የሚጠብቁት የመኪናው ክብደት በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የጎማዎቹ አቀማመጥ በመሣሪያ ይለካል። ከላይ ወደ ውስጥ ማዘንበላቸው ብዙ ሰው የሚያየው ነው፤ ጎማን ቶሎ የሚበላው ግን አፍንጫቸው በጥቂቱ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መዞሩ ነው፤ ያን ዓይን አያየውም። በጀርመን ደግሞ የሞላው የፈቃድ ሰነድ ሳይኖር ወይም መኪናው በተፈቀደለት መርማሪ ሳይታይ የተደረገ ለውጥ የመኪናውን የመንቀሳቀስ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። መርማሪው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የፊት መብራት ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የጎልፉ አጭር መብራት ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ቢስተካከል፣ ብርሃኑ መሬት የሚነካው በ65 ሜትር ላይ ነው። አዲሶቹ ሞላዎች ፊቱን ከኋላው በ10 ሚሊ ሜትር አብልጠው ቢያወርዱት፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.58 ሜትር ስለሆነ መኪናው ወደ ፊት ያጋደለው በ0.22 ዲግሪ ብቻ ነው። መብራቱ አሁን 62 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ በየ10 ሜትሩ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መሬት የሚነካውም ወደ 45 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና የጠፋችውን 20 ሜትር በሰከንድ ሦስት አራተኛ ገደማ ይጨርሳታል። መብራቱን መልሶ ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋ መሬትና ግድግዳ ነው።